ተረትን ዳግም ለምትሠሩ የወሎ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

በደሴ ሥዕል ሳስተምር ኖሬ በጡረታ የተገለልሁ መምህር ነኝ። ከእናንተ መካከል አኒሜሽን የሚሠሩ እንዳሉ፣ የቆዩ የቤተሰብ ካርቱኖች በሰው ተዋንያን ዳግም ሲሠሩም በተዋንያኑ የቆዳ ቀለም ላይ አጥብቃችሁ እንደምትከራከሩ አውቃለሁ። ጉዳዩ ሙያችሁን ስለሚነካ የማስበውን እጽፍላችኋለሁ።

የአሜሪካው ፊልም ሠሪ ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ2023 ከወገቧ በታች ዓሣ ስለሆነች የባሕር ልጅ የሚተርከውን «ዘ ሊትል መርሜይድ»ን ዳግም ሲሠራ የልጅቷን፣ የኤሪየልን ሚና ለጥቁር አሜሪካዊቷ ድምፃዊት ለሃሊ ቤይሊ በመስጠቱ ዋናው ታሪክ ተበላሸ ያሉ ብዙዎች ነበሩ። እርግጥ ነው፣ ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን በ1837 ባሳተመው ተረት የልጅቷ ዓይኖች እንደ ጥልቅ ባሕር ሰማያዊ ናቸው። በዚያው ተረት ግን የምትወደው ልዑል ሌላ ሴት ያገባል፣ ልጅቷም ወደ ባሕር አረፋነት ትለወጣለች፤ የ1989ኙ ካርቱን ደግሞ ይህን ሁሉ ትቶ በሰርግ ጨረሰው። የታሪኩ ፍጻሜ ሲገለበጥ ምንም ያላለ ሰው የልጅቷ ቆዳ ሲለወጥ ስለ ታማኝነት ቢሟገት ክርክሩ አያሳምነኝም።

እኔ በፊልሙ ውስጥ ዓይኔ ያረፈው በጸጉሯ ላይ ነው። ባለሙያዎቹ የራሷን ድሬድ ሳይፈቱ ከቀይ ጸጉር ጋር አዋሕደው በውኃው ውስጥ እንዲንሳፈፍ አድርገውታል። ይህን ስመለከት የክፍሌ ልጃገረዶች ታወሱኝ፤ ልዕልት ሳሉ በተባሉ ቁጥር፣ እነርሱ ሹሩባ ተሠርተው ተቀምጠው፣ ለልዕልቷ ጸጉር ቢጫውን እርሳስ ይሻሙ ነበር፤ ቡናማው የሚወጣው ለዛፍ ግንድና ለመሬት ብቻ ነበር። ያንን ያየ መምህር የተዋናይ መልክ ለልጆች ምንም አይደለም ሊል አይችልም።

ነገር ግን መልክ መተካት ብቻውን ሥራውን አይፈጽመውም። በ2020 የወጣው፣ የቻይና ጥንታዊ ተረት የሚተርከው «ሙላን» ተዋንያኑ እስያውያን ቢሆኑም ዳይሬክተሯ ኒውዚላንዳዊት ነበረች፤ ስክሪፕቱን ከጻፉት አራት ሰዎችም አንድም ቻይናዊ አልነበረም። ስለ አንድ የዝሆን ግልገል በሚተርከው በ1941ዱ ካርቱን በ«ዳምቦ» ውስጥ ደግሞ የቁራዎቹ አለቃ በጥቁሮች አነጋገር እንዲያስቅ የተደረገው በነጭ ተዋናይ ድምፅ ነበር፤ በስቱዲዮው የወጣለት ስምም በአሜሪካ ጥቁሮችን ከነጮች ይለዩ የነበሩት ሕጎች የሚጠሩበት «ጂም ክሮው» ነው። ዳግም የተሠራው የ2019ኙ ፊልም ቁራዎቹን ጨርሶ አስወጣቸው። ማስወጣቱ ስድቡን ያስቀራል፤ ለተሰደቡት ግን በታሪኩ ውስጥ የክብር ቦታ አልሰጣቸውም።

እናንተም የአገራችሁን ተረት ስትሠሩ ከዚህ ፈተና ነጻ አይደላችሁም። የባቲን የሰኞ ገበያ የሚስል ሰው አፋሩን፣ ኦሮሞውን፣ አርጎባውንና አማራውን አንድ ዓይነት ነጭ ልብስ አልብሶ ቢያቆማቸው ባቲን አልሳለም። ሥዕሉን ከመጀመራችሁ በፊት ገበያው ውስጥ ዋሉ፤ የአፋሩ ወጣት ጸጉሩን እንዴት እንዳበጠረ፣ ከገጠር የመጡት እናት ሻሻቸውን በየት በኩል እንዳሰሩ እያያችሁ ንደፉ። ለሙዚቃውም ከሌላ አገር የተገዛ ማጀቢያ አታስገቡ፤ ባቲና አምባሰል የቅኝት ስም ሆነው የሚጠሩት ከዚሁ ከእኛ ምድር ነውና፣ የሚያዜምላችሁ ባለሙያ ከአጠገባችሁ አይጠፋም።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ስለ ድምፅ ነው። በከተማ ኮሜዲዎቻችን የገጠር ሰው አነጋገር ማሳቂያ ሆኖ ኖሯል፤ ሚናውን የሚይዘውም አብዛኛውን ጊዜ አነጋገሩን የሚያስመስል የከተማ ተዋናይ ነው። ከዳምቦ ቁራዎች ጋር ያለውን ዝምድና ራሳችሁ አስቡት። የወረሂመኖ አዛውንት ወይም የራያ እናት በታሪካችሁ ውስጥ የሚናገሩ ከሆነ ድምፁን የሚሰጥ ሰው ከዚያው ፈልጉ፤ ቃለ ተውኔቱን ከመቅረጻችሁም በፊት አንብቡለትና እኔ እንዲህ አልልም ያለውን ዓረፍተ ነገር እርሱ በሚለው መንገድ አስተካክሉት። ስሙንም በፊልሙ መጨረሻ ከእናንተ ስም እኩል ጻፉለት።