ዓላማችሁ ስንት ሰዓት ተመድቦለታል?

ልጆቼ፣

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት ኦዲተር ነበርኩ። የሥራዬ ጥያቄ ሁለት ነው። ዕቅዱ ምን ይላል? ገንዘቡስ ምን ላይ ዋለ? ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ፣ ዕቅዱ ላይ በጉልህ የተጻፈው ሥልጠና ሳይነካ፣ የነዳጅና የውሎ አበል በጀት ግን ተሟጥጦ ይገኛል። የሰረቀ ሰው የለም። ደረሰኙም ትክክል ነው። የዕለት ተዕለቱ ጥድፊያ ዓላማውን ቀደመው፣ በቃ።

አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን ስናወራ ይህንኑ እናንተ ላይ አያለሁ። የሕይወት ዓላማችሁን ስጠይቅ መልስ አይጠፋም። ወገንን ማገልገል፣ እናትን ማሳረፍ፣ ማንበብ። ከልባችሁ እንደሆነ አልጠራጠርም። "ባለፈው ሳምንት ለዚህ ስንት ሰዓት ሰጣችሁ?" ስል ግን ወሬው ይቀየራል።

ብዙ ሰው ይህንን ግብዝነት ይለዋል። እኔ አልስማማም። ዳርሊና ባትሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። አሜሪካ ፕሪንስተን ውስጥ የነገረ መለኮት ተማሪዎች ሌላ ሕንፃ ሄደው አጭር ንግግር እንዲያደርጉ ተነገራቸው። የገሚሶቹ ርዕስ ደጉ ሳምራዊ ነበር። መንገዳቸው ላይ አንድ ሰው አንገቱን ደፍቶ ያስላል፣ ያቃስታል። ሰፊ ጊዜ አላችሁ ከተባሉት 63 በመቶው ቆመው ረዱት። ረፍዶባችኋል ከተባሉት ግን 10 በመቶው ብቻ። የንግግራቸው ርዕስ ግን ጉልህ ለውጥ ማምጣቱ አልተረጋገጠም። ተማሪዎቹ 40 ብቻ ስለነበሩ ቁጥሩን እንደ ሕግ አልይዘውም። ነገሩ ግን ያሳስበኛል። ሕይወታቸውን ለእምነታቸው ሊሰጡ የተዘጋጁ ልጆች ናቸው እኮ!

ስለዚህ ዓላማችሁን አሳምራችሁ ለመጻፍ አትድከሙ። ቀንና ሰዓት ቁረጡለት። ማንበብ ከሆነ፣ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እዚያው አራት ኪሎ ነው። ማክሰኞ ከሥራ በኋላ በሉ። ወገንን ማገልገል ከሆነ፣ ስታዲየም አካባቢ ደም ባንክ አለ። እናታችሁ ጋ እሁድ ከቁርስ በኋላ ደውሉ።

ኑሮ መወደዱን፣ ሁለት ሥራ የምትሠሩ መኖራችሁን አውቃለሁ። ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ የመጣ ሰው ማታ ምን አቅም ይኖረዋል? ለእናንተ ሳምንቱን ሙሉ ለውጡ አልልም። አንድ ሰዓት ይበቃል። ግን ያቺን ሰዓት ሌላ ነገር አትደርቡባት። ከፊቷም ከኋላዋም ትንሽ ክፍተት ተዉ፤ መንገድ ላይ የሚያቆማችሁ ሰው አይጠፋም።

ዛሬ ማታ ስልካችሁን ክፈቱ። ሰዓታችሁ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ስንት እንደዋለ፣ ብራችሁም በሞባይል ባንኪንግ ወዴት እንደሄደ ተመልከቱ። ለእኔ መንገር አያስፈልጋችሁም። ከዚያ ከዓላማዎቻችሁ አንዱን ምረጡና የሚቀጥለው ሳምንት ላይ ሰዓቱን መዝግቡ።