መልስ፦ ሌሊት ለብቻው የሚጮህ የቪትዝ አላርም

ሰላም ወንድሜ። ጎንደር ማራኪ ሰፈር የምታሳድራት ቪትዝ መኪናህ ማንም ሳይነካት ሌሊት አላርሟ ይጮሃል፣ ቀን ግን ደህና ናት ብለሃል። አላርሙን ሙሉ በሙሉ ቀይር ያሉህን ለጊዜው ተዋቸው።

መጀመሪያ ባትሪውን ጠዋት ሞተር ሳታስነሳ አስለካ። 12.6 ቮልት አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው። ከ12.2 በታች ከሆነ ደክሟል። የጎንደር ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ብርድ ደግሞ የደከመ ባትሪን ይበልጥ ያደክመዋል። አንዳንድ አላርም ቮልቱ ሲወርድ ሌባ የመጣ መስሎት ይጮሃል።

ባትሪው ደህና ከሆነ ኮፈኖውን ክፈትና ጠርዙ ላይ ያለችውን ትንሽ ስዊች እያት። እኔ በብዛት የምጠረጥረው እሷን ነው። በክረምት ዝናብና በአቧራ ትዝጋለች። ከዚያ ኮፈኖው ተዘግቶም ክፍት ነው የሚል ምልክት ትልካለች። ሽቦዋን ነቅለህ አንድ ሌሊት አሳድራት። ዝም ካለ ጥፋቱ እዚያ ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት አጽዳት ወይም ቀይራት፣ ዋጋዋም ከባድ አይደለም።

ባጃጅ ኮብልስቶኑ ላይ ባለፈ ቁጥር የሚጮህ ከሆነ ግን የንዝረት ሴንሰሩን ነካ አድርግ። ብዙ ጊዜ ክሩስኮቱ ስር ነው። በትንሽ ካቻቢቴ ቀስ እያልክ ስሜታዊነቱን ቀንሰው። ጨርሰህ እንዳታጠፋው አደራ፤ መስታወት ሲመታ የሚጮህልህ እሱ ነው።

የባትሪውን ልኬት ጻፍልኝ፣ ከዚያ እንቀጥላለን።