«የትኛውን ፕለጊን ልጫን?» ላልከው ልጅ፦ መጀመሪያ ዌብሳይትህን በጆሮህ ስማው

ሰላም ጃል፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ፍኖተ ሰላም አካባቢ ላለ የገበሬዎች ዩኒየን በዎርድፕሬስ (ብዙ ኮድ ሳይጻፍ ዌብሳይት ሚሰራበት ፕሮግራም) ዌብሳይት እየሰራህ ነው፣ ብሩን የሚሰጠው የውጭ ድርጅት «ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ ይሁን፣ ደብሊውካግ ደብል ኤ ያሟላ» ብሎ ውል ላይ አስገባብህ (ደብሊውካግ ዌብሳይት ለአካል ጉዳተኛ እንዲመች የወጣ ዓለም አቀፍ መመሪያ ነው፣ ደብል ኤ መካከለኛው ደረጃው)፣ አንተ ደግሞ «የትኛውን ፕለጊን ልጫን፣ ለመሆኑስ እኛ ጋ ዌብሳይት ሚከፍት ዓይነ ስውር አለ ወይ» ብለህ ጠየቅክ። ከስር ሰዉ የፕለጊን (ዎርድፕሬስ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ስም እያዥጎደጎደልህ ነው። እኔ ባህር ዳር ተቀምጬ በብዛት የመስሪያ ቤት ዌብሳይት ነው ምሰራው፣ እና ይሄ ነገር ደጋግሞ ስለሚያጋጥመኝ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ከሁለተኛው ልጀምር። አለ፣ ያውም ብዙ። ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲም ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም የሚማሩ ዓይነ ስውራን ልጆች አሉ፣ ሕግ ሚያጠናው፣ ቋንቋ ሚያጠናው፣ ተመርቀው ስራ የሚፈልጉት እንደማንኛችንም ስልካቸው ላይ ነው። ደሞ ነገሩ የዓይነ ስውር ብቻ አይደለም። ክልላችን ትራኮማ በዓለም ላይ እጅግ ከበረታባቸው ቦታዎች አንዱ መሆኑን ታውቃለህ፣ ስለዚህ በከፊል ብቻ የሚያይ ሰው የሌለበት ቀበሌ አታገኝም፣ የዩኒየንህ አባላት ደግሞ አብዛኞቹ ዕድሜያቸው የገፋ ገበሬዎች ናቸው፣ የማዳበሪያ ዋጋ ለማየት ስልኩን ዓይናቸው ስር አስጠግተው ነው ሚያነቡት። ጆሮው የማይሰማ አለ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ትንሽ በተን መንካት የሚያቅተው አለ። ለነገሩ ጎጃም ውስጥ ሆነህ ይሄን መጠየቅህ ገርሞኛል፣ በቅኔ ቤቱ ዓይነ ስውር ሊቅ መች ብርቅ ሆኖ ያውቃል? ትምህርቱ በቃል ስለነበር ዓይን ማጣት አላስቀራቸውም።

ወደ ፕለጊኑ። ያ ከስክሪኑ ጥግ ላይ የዊልቸር ምልክት እያወጣ «ፊደል አሳድግ፣ ከለር ቀይር» ሚለውን አይነት ከሆነ አትግዛው። ዓይነ ስውሩ የራሱ ስክሪን ሪደር (ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) ስልኩ ላይ አለው፣ ፊደል ማሳደግ የፈለገውም ስልኩ ያሳድግለታል፣ ውስጡ የተበላሸውን ኮድ ግን ፕለጊኑ በግምት ነው ሚያስተካክለው፣ ብዙ ጊዜም ይስታል። የዚህ ነገር ትልቁ ሻጭ አክሰሲቢ የሚባለው ኩባንያ «ማንኛውንም ዌብሳይት በራሱ ደብሊውካግ እንዲያሟላ ያደርጋል» እያለ በማስተዋወቁ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ2025 (እ.ኤ.አ.፣ ከዚህ በኋላም የምጠራቸው ዓመቶች የፈረንጅ ናቸው) 1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። የተሰነጠቀ ግድግዳ ኖራ ስለቀባኸው አይጠገንም።

እና ምን ላድርግ ካልክ ኤንቪዲኤን አውርድ። ነፃ ነው፣ ማይክል ከራንና ጄምስ ቴ የሚባሉ ሁለት ዓይነ ስውር አውስትራሊያውያን በ2006 የጀመሩት ስክሪን ሪደር ነው፣ ዊንዶውስ ላይ ይሰራል። ስልክ ላይ ደግሞ አንድሮይድ ውስጥ ቶክባክ አለልህ፣ ሴቲንግ ገብተህ አክሰሲቢሊቲ ሚለው ስር ታገኘዋለህ (ከመክፈትህ በፊት እንዴት እንደሚጠፋ እይ፣ አለበለዚያ ስልክህ አልታዘዝ ሲልህ ትበሳጫለህ)። ከዛ የኮምፒውተርህን ስክሪን አጥፋና በታብ፣ በቀስትና በኪቦርዱ ፊደሎች ብቻ የራስህን ዌብሳይት ሂድበት። ኤች ስትነካ ከርዕስ ርዕስ ይዘላል፣ ኤፍ ስትነካ የፎርም ሳጥን ሳጥኑን ይዞልህ ይሄዳል፣ ኢንሰርትና ኤፍ 7 አንድ ላይ ስትነካ የሊንኮቹን ዝርዝር ያወጣልሃል። እዛ ዝርዝር ላይ «ተጨማሪ ያንብቡ፣ ተጨማሪ ያንብቡ፣ እዚህ ይጫኑ፣ እዚህ ይጫኑ» ሚል ከሰማህ ሰውየው የቱን ተጭኖ የት እንደሚሄድ ንገረኝ እስቲ። ጎጃሜ ቅኔ ይወዳል ብለህ ሊንክ ላይ ወርቁን አትደብቅ፣ «የበቆሎ ግዢ ጨረታ» ብለህ በቀጥታ ጻፈው።

ፎርም ላይ ልቆይ፣ ሰው በጣም ሚጎዳው እዚህ ነው። አንድ የማውቀው ዓይነ ስውር የሕግ ምሩቅ አለ፣ ከጎኑ ተቀምጬ የአንድ መስሪያ ቤት የስራ ማመልከቻ ሲሞላ አይቻለሁ። ላፕቶፑ በሚናገርበት ፍጥነት አንተ አንድ ቃል አትለይም፣ እሱ ግን እየሰማ ከኔ ጋር ያወራል። ፎርሙ ላይ ሲደርስ «ኤዲት፣ ብላንክ» (ባዶ መጻፊያ) አለው። ታብ ነካ፣ «ኤዲት፣ ብላንክ»። ደግሞ ታብ፣ ያው «ኤዲት፣ ብላንክ»። ለሚያየው ሰው ከየሳጥኑ በግራ በኩል «ሙሉ ስም»፣ «የትውልድ ቦታ»፣ «ስልክ» ተብሎ በደንብ ተጽፏል፣ ግን የጻፈው ሰው ቴብል ውስጥ ዝም ብሎ ነው ያስቀመጠው እንጂ ሌብል በሚባለው ታግ (የኮድ ምልክት) ከሳጥኑ ጋር አላሰረውም። ልጁ ከሳጥን እየወጣ ወደ ኋላ በቀስት እየተመለሰ፣ እያዳመጠ፣ እየቆጠረ «ሦስተኛው ስልክ መሆን አለበት» እያለ ሞላው። ማስረጃ መስቀያው ላይ ሲደርስ «በተን» ብቻ አለ፣ የምን በተን እንደሆነ አይናገርም። መጨረሻ ላይ ደግሞ የተጣመመ ፊደል በፎቶ አሳይቶ «ያዩትን ይጻፉ» ሚለው መጣ፣ በድምፅ የሚሰማበት አማራጭ የለውም፣ እዛ ላይ እህቱን ጠራት። ሰባት ሳጥን ለመሙላት አምስት ዓመት ሕግ የተማረ ሰው እህቱን ይጠራል ማለት ነው። ለሳጥኖቹ መድኃኒቱ ለየሳጥኑ አንድ መስመር ኮድ ነው፣ ሌብሉ ላይ ፎር፣ ሳጥኑ ላይ አይዲ ብለህ አንድ ዓይነት ስም ትሰጣቸዋለህ፣ አለቀ። ስህተት ሲኖርም ሳጥኑን ቀይ አድርገህ አትተወው፣ «ስልክ ቁጥሩ 10 አሃዝ መሆን አለበት» ብለህ በጽሑፍ ንገረው፣ ቀይና አረንጓዴ ለማይለየውም ይጠቅማል።

አሁን ደሞ የኛው የራሳችን በሽታ ወደሆነው ልምጣ፣ የፈረንጅ ቱቶሪያል ላይ አታገኘውም። የኛ መስሪያ ቤት ማስታወቂያ እንዴት እንደሚወጣ ታውቃለህ፣ ጸሐፊዋ ወርድ ላይ ትተይበዋለች፣ ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ማህተም ይመታል፣ ከዛ አንዱ በስልኩ ጠመም አድርጎ ፎቶ ያነሳውና ዌብሳይቱም ቴሌግራሙም ላይ ይለጠፋል። ስክሪን ሪደር እዛ ላይ ሲደርስ «ኢሜጅ» ይልና ያልፋል፣ ወይ የፋይሉን ስም፣ «አይኤምጂ ሰረዝ 2025…» እያለ ቁጥር ይደረድራል። የጨረታው ቀን፣ የሲፒኦው መጠን፣ አድራሻው፣ ሁሉም እዛ ፎቶ ውስጥ ታፍኖ ቀረ። ማህተሙን አትለጥፉ እያልኩ አይደለም፣ ያለ ማህተም ማንም አያምንም ይገባኛል፣ ግን ወርድ ፋይሉ እኮ ጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ አለ! ጽሑፉን ኮፒ አድርገህ ፔጁ ላይ አስገባው፣ ፎቶውን ከስሩ አድርገው። ይሄን ከዩኒየኑ ጋር አሁኑኑ ተስማማ፣ ምክንያቱም አንተ ሰርተህ ከሄድክ በኋላ ዕለት ዕለት ሚለጥፉት እነሱ ናቸው፣ የቱንም ያህል ጥሩ ኮድ ብትጽፍ በወሩ ፎቶ በፎቶ ይሆናል።

ወርድ ፋይሉን ስትቀበል ግን ተጠንቀቅ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የያዘበት የኮምፒውተር ስታንዳርድ) ውስጥ የገባው በ1999 ነው፣ ግን እስካሁን በነቪዥዋል ግዕዝ የድሮ ፎንት የሚተይብ ቢሮ ሞልቷል። እዛ ፋይል ውስጥ ያለው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ነው፣ ፎንቱ ነው በላዩ ላይ አማርኛ የሚስልበት። ፒዲኤፍ ሆኖ ሲወጣ ለዓይን ልቅም ያለ አማርኛ ነው፣ ስክሪን ሪደሩ ግን ማንም የማይገባው የእንግሊዝኛ ቁርጥራጭ ያነባል፣ ጉግልም ፈልጎ አያገኘውም። ለማወቅ ቀላል ነው፣ አንድ አረፍተ ነገር ኮፒ አድርገህ ቴሌግራም ላይ ፔስት አድርገው፣ አማርኛ ሆኖ ከመጣ ዩኒኮድ ነው፣ ዝብርቅርቅ ካለ ወይ ኮንቨርት አስደርገው ወይ አስተይበው።

ከዛ የፔጁ ላንግ (ፔጁ በየትኛው ቋንቋ እንደተጻፈ ሚናገረው የኮድ ቦታ) ላይ «ኤኤም»፣ ማለትም አማርኛ፣ መሆኑን እይ። ዎርድፕሬስ ካልቀየርከው በእንግሊዝኛ ነው ሚመጣው፣ እንደዛ ከተውከው ሪደሩ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ድምፅ ሊያነብ ይሞክራል፣ እንደ ድምፁ ዓይነት ወይ ይዘለዋል ወይ የማይረባ ነገር ይላል። ኤንቪዲኤ ጋ አብሮ የሚመጣው ኢስፒክ የሚባል አንባቢ ድምፅ አማርኛ ያነባል፣ ድምፁ የቆርቆሮ ነው፣ ለለመደው ግን ይገባል። የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፣ እሱ ላይ አንተ ምንም ማድረግ አትችልም። ማድረግ የምትችለው አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ እየመታህ አለመስራት ነው፣ ትክክለኛዋ «።» አንድ ፊደል ናት፣ ሪደሩ አረፍተ ነገር ማለቁን የሚያውቀው በሷ ነው። «ት/ቤት»፣ «መ/ቤት»፣ «ጽ/ቤት» ምናምን ሚለውንም ቢያንስ ርዕስ ላይ ዘርዝረህ ጻፈው።

ለሚያየው ግን ዓይኑ ለደከመው ሰው ደግሞ ኮንትራስት (ጽሑፉ ከጀርባው ከለር የሚለይበት መጠን) ነው ነገሩ። ደብል ኤ ለተራ ጽሑፍ 4.5 ለ 1 ይጠይቃል፣ ለትልልቅ ጽሑፍ 3 ለ 1። ዲዛይነሮች የሚወዷት ግራጫ፣ #999 በነጭ ላይ፣ 2.8 ገደማ ናት፣ ወደቀች። ጠቆር ያለችው #767676 ላይ ስትደርስ ለጥቂት ታልፋለህ። ከሁሉም ሚብሰው ቢጫ ጽሑፍ በነጭ ላይ ነው፣ የሎጎአችን ከለር ነው ይሉሃል፣ እሺ ሎጎው ላይ ይሁን። የኛ ፊደል መስመሩ ስለሚበዛ በ12 ፒክሰልና በቀጭን ፎንት «ጨ» እና «ጬ» አይለይም፣ 18 አድርገው፣ በመስመር መሃል ክፍተት ስጠው። አርሶ አደሩ ደሞ እርሻ መሃል ፀሐይ ላይ ቆሞ እንደሚከፍተው አትርሳ።

በማውስ ብቻ የሚሰራ ሜኑ አትስራ። ታብ ስትነካ የቱ ላይ እንዳለህ የምታሳየውን መስመር «ታስቀይማለች» ብለህ በሲኤስኤስ አታጥፋት። የስራ አስኪያጁን ፎቶ እያፈራረቀ በራሱ ሚንሸራተተውን ስላይደር ከተቻለ አስቀረው፣ እምቢ ካሉህ ማቆሚያ በተን አድርግለት፣ ከ5 ሰከንድ በላይ በራሱ ሚንቀሳቀስ ነገር ማቆሚያ እንዲኖረው ደብሊውካግ ይጠይቃል። ፎቶ ላይ ኦልት (ፎቶው ምን እንደሆነ ለስክሪን ሪደር የሚናገር ጽሑፍ) ጻፍ፣ ለጌጥ ከሆነ ባዶ ተወው። ቪዲዮ ካላቸው የአማርኛ ሰብታይትል ይግባበት፣ አውቶማቲኩን ሰው ሳያየው እንዳትለቀው።

ለድርጅቱ ሪፖርት ስትጽፍ መጀመሪያ የትኛውን ደብሊውካግ እንደሆነ ጠይቃቸው፣ 2.0 የ2008 ነው፣ 2.1 የ2018፣ 2.2 ደግሞ የ2023። ዌቭ እና ላይትሃውስ በሚባሉት ነፃ መሳሪያዎች ፈትሽና ውጤቱን አያይዝ፣ ግን ላይትሃውስ 100 ሰጠኝ ብለህ አትኩራራ፣ ማሽኑ ኦልት መኖሩን እንጂ እውነት መሆኑን አያውቅም፣ የጤፍ ፎቶ ላይ «ትራክተር» ብለህ ብትጽፍ ያሳልፍሃል። ዩኒየኑ «ለምን ይሄ ሁሉ» ካለህ ደግሞ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2010 አፅድቃለች፣ አንቀፅ 9 ኢንተርኔቱንም በስሙ ይጠቅሰዋል በላቸው።

ጊዜ ካጠረህ መጀመሪያ ፎርሙን ጨርስ፣ ቀጥሎ ማስታወቂያው በጽሑፍ እንዲሆን አድርግ፣ ከዛ ላንግና ርዕሶቹ፣ ከለሩ በመጨረሻ አንድ ከሰዓት ይበቃዋል። ቴም (የዌብሳይቱን ዝግጁ መልክ) ገና ካልመረጥክ ዎርድፕሬስ ላይ «አክሰሲቢሊቲ ሬዲ» ሚለውን ፊልተር አድርገህ ምረጥ፣ ግማሽ ስራህን ያቀልልሃል። በጀቱ ላይ ደሞ ለሙከራ የሚሆን መስመር አስገባ፣ ስክሪን ሪደር ለሚጠቀም ሰው ግማሽ ቀን ከፍለህ ፎርሙን ፊትህ አስሞላው፣ በነፃ አታስለፋው። ሰው ካጣህ በውስጥ ጻፍልኝ፣ ባህር ዳር ላይ ሚሰሩልህ ልጆች አውቃለሁ።