መልስ፦ ባለ 4 ሲሊንደሩ ቢኤምደብሊው 528አይ መኪና ከባለ 6ቱ ይደክማል ወይ?

አይ፣ አይደክምም። አሜሪካ ውስጥ ልትገዛው ያሰብኸው እ.ኤ.አ. የ2012 ሞዴል ቢኤምደብሊው 528አይ፣ ባለ 4 ሲሊንደርና ባለ 2.0 ሊትር ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ ያለው) ሞተሩ 240 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ከእርሱ በፊት የነበረው ባለ 3.0 ሊትርና ባለ 6 ሲሊንደሩም ያው 240 ነበር። እንዲያውም ቱርቦው ከዝቅተኛ የሞተር ዙር ጀምሮ ስለሚስብ ከትራፊክ መብራት ሲነሳ ይቀልለዋል።

አሜሪካውያን ገዢዎች ያጉረመረሙት በሌላ ነው። ቤንዚን ረክሶ በኖረበት አገር የሲሊንደር ብዛት የክብር መለኪያ ሆኖ ቆይቷል። የባለ 6ቱን ለስላሳ ድምፅ የለመደ ሰው፣ መኪናው ቆሞ ሲሠራ መሪው ላይ የሚሰማው ንዝረት ቅር ያሰኘዋል። እውነታቸውን ነው፤ ያን ያህል ገንዘብ የከፈለ ጸጥታም ይገባዋል። ዋጋ ስትደራደር ይህንኑ አንሳ።

አንድ ነገር አደራ፦ ዘይት የተቀየረበትን መዝገብ ሳታይ እንዳትገዛ። እኔ ትንሽ ቱርቦ ሞተር ያለው መኪና ስገዛ አነዳዱን ወድጄ መዝገቡን ሳልጠይቅ ቀረሁ። በዓመቱ ቱርቦው ያፏጭ ጀመር፤ ከጭስ ማውጫውም ሰማያዊ ጭስ ወጣ። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ሂድና ኮፈኑን አስከፍተህ ሲነሳ አዳምጠው።