የምጽዋ ሰርጓጅ መርከቦች በሰኔ 1932
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት ፋሺስት ጣሊያን ምጽዋ ላይ ያሰማራቸውን ሰርጓጅ መርከቦች የሚመለከቱ ናቸው። ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር ጽፈናል።

ጥያቄ፦ ጣሊያን ጦርነት ውስጥ ሲገባ ምጽዋ ላይ 8 ሰርጓጅ መርከቦች ነበሩት ይባላል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግማሾቹ ጠፉ። እንግሊዝ በርትቶ ነው ወይስ ጣሊያን ሰንፎ? *(ተ. ገ.፣ አዲስ አበባ)*

መልስ፦ ሁለቱም ለየብቻቸው አይበቁም። ሰኔ 3 ቀን 1932 (እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1940) ጦርነት ሲታወጅ ምጽዋ ከኢጣሊያ ጋር በባሕር የሚያገናኛት መንገድ ተቆረጠ። ስዊዝ በእንግሊዝ እጅ ነበር። የደቡቡን በር ባብ ኤል መንደብን ደግሞ ከኤደን የሚነሡ ድስትሮየሮች (ፈጣን የጦር መርከቦች)፣ አጃቢ መርከቦችና አውሮፕላኖች ይጠብቁት ነበር። ስለዚህ ምጽዋ የቀረ መለዋወጫ፣ ባትሪም ሆነ ቶርፔዶ የሚተካበት መንገድ አልነበረም።

ስምንቱ ማካሌ፣ ፔርላ፣ ጋሊሌይ፣ ፌራሪስ፣ አርኪሜዴ፣ ጉሊየልሞቲ፣ ቶሪቼሊና ጋልቫኒ ይባሉ ነበር። ማካሌ ሰኔ 8 ከፖርት ሱዳን ወደ ባሕሩ ገባ ብላ ከምትገኝ ባር ሙሳ ከቢር ከተባለች ደሴት ላይ ወጥታ ተሰበረችና ሰጠመች። ጋሊሌይ ሰኔ 12 ኤደን አጠገብ ተማረከች። ቶሪቼሊ ሰኔ 16 ፔሪም ደሴት አካባቢ፣ ጋልቫኒ በማግስቱ ኦማን ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ጠፉ። ከማካሌ እስከ ጋልቫኒ አሥር ቀን ነው።

የመጀመሪያዋን ልብ ይበሉ። ማካሌ ስትሰበር በአጠገቧ አንድም የእንግሊዝ መርከብ አልነበረም። ሠራተኞቿን ያደነዘዛቸው ከገዛ ማቀዝቀዣቸው ያመለጠ ጋዝ ነው። የት እንዳሉ በቅጡ ሳያውቁ ነው ድንጋዩ ላይ የወጡት። ከዚያ ውኃ የሌላት ደሴት ላይ ሆነው ጥቂቶቹን በትንሽ ጀልባ ለእርዳታ ላኩ፤ ጉሊየልሞቲ ሰኔ 15 መጥታ አነሣቻቸው። በእኛ ግምት እንግሊዞች በዚያ ወር ከገጠሟቸው መርከቦች የሚበዙት በሙቀትና በጋዝ ቀድመው የተዳከሙ ነበሩ።

ጥያቄ፦ በመርከብ ማሽን ክፍል የምሠራ ነኝ። ያ ጋዝ ሜቲል ክሎራይድ እንደነበረ አውቃለሁ። ለምን መረጡት? ለምንስ በጊዜ አልታወቀም? *(መ. አ.፣ ባሕር ዳር)*

መልስ፦ በዘመኑ ከነበሩት አማራጮች ጋር ሲወዳደር ምርጫው ሞኝነት አልነበረም። አሞኒያ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ መዳብና ነሐስ ይበላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ ከፍተኛ ግፊትና ከባድ ቧንቧ ይፈልጋል። ሜቲል ክሎራይድ ከዜሮ በታች 24 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ በመጠነኛ ግፊት ይሠራል፣ ከመዳብ ቧንቧ ጋርም ይስማማል። ክፋቱ ሽታው ነው። ደካማና ጣፋጭ ቢጤ በመሆኑ በናፍጣ፣ በላብና በባትሪ አሲድ ሽታ መካከል ማንም አይለየውም። በየብስ ላይ በሚሠሩ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ አንዳንድ ፋብሪካዎች ዓይን የሚያስለቅስ አክሮሊን ይጨምሩበት የነበረው ለዚህ ነው።

ለምን አፈሰሰ ለሚለው ግፊቱን ያስሉት። ጋዙ በ20 ዲግሪ ወደ 5 ባር፣ በ40 ዲግሪ ወደ 9 ባር ገደማ ግፊት አለው። በበጋ የደቡብ ቀይ ባሕር ላይኛው ውኃ 30 ዲግሪና ከዚያ በላይ ስለሆነ፣ በዚሁ ውኃ የሚቀዘቅዘው ኮንደንሰር (ጋዙን ወደ ፈሳሽ የሚመልሰው ክፍል) 40 ዲግሪ ላይ ቢሠራ አይገርምም። ጋዙን የሚያምቀው ኮምፕሬሰር ያለ ፋታ ይሮጣል፣ የናፍጣ ሞተሩ ንዝረት የቧንቧ መጋጠሚያዎችን ያላላል፣ የዘንጉ ማሸጊያ ይበላል። ጠላት ውኃ ውስጥ እንዲፈነዳ የሚጥለው የጥልቀት ቦምብ ከተጨመረበትማ የላላው ሁሉ ይከፈታል።

ጋዙ ከአየር 1.8 እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። ቀድሞ የሚያገኘው ታችኛው አልጋ ላይ የተኛውንና ወለል ከፍቶ የሚሠራውን መካኒክ ነው። ምልክቱ ቶሎ አይታይም፤ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ራስ ምታትና ማዞር ይቀድማል። ቀጥሎ እይታ ይደበዝዛል፣ ሰውየው እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል፣ ያስመልሰዋል፣ ይለፈልፋል፣ በመጨረሻም ራሱን ይስታል። አስቸጋሪው ነገር ምልክቱ ከሙቀት ድካም ጋር መመሳሰሉ ነው። አዛዡ «ሙቀቱ ነው» ብሎ ማቀዝቀዣውን ይበልጥ ያስነሣል።

ፍሳሽ ሲጠረጠር ሥራው በቅደም ተከተል ነው። ኮምፕሬሰሩ ገና እየሠራ ሳለ ከማጠራቀሚያው የሚወጣው የፈሳሽ መስመር ቫልቭ ይዘጋል። ኮምፕሬሰሩ በቧንቧው የቀረውን ጋዝ ስቦ ወደ ኮንደንሰሩ ሲመልስ ይቆምና የመግቢያና የመውጫ ቫልቮቹ ይዘጋሉ። (ፍሳሹ በግፊት በኩል ከሆነ ግን ኮምፕሬሰሩ ወዲያው ይቁም፤ ሲሠራ ጋዙን ወደ ክፍሉ ነው የሚገፋው።) መርከቡ ወደ ላይ ወጥቶ የፊቱ በር ይከፈታል፣ የናፍጣ ሞተሮቹም ይነሣሉ። ሞተሮቹ የሚተነፍሱትን አየር ከውስጥ ስለሚስቡ መርከቡን ከማንኛውም ማራገቢያ ፈጥነው ያጠራሉ። የወለሉ ሰሌዳዎች ተነሥተው የአየር መሳቢያው ጫፍ ወደ ታች ካልወረደ ግን ከባዱ ጋዝ እዚያው ይቀራል። ጋዙ ተቀጣጣይ ስለሆነ እሳት አይነሣም። መጋጠሚያዎች በሳሙና አረፋ ይፈተሻሉ። ነበልባሉ አረንጓዴ ሲሆን ፍሳሽ የሚያሳየው የመፈተሻ ፋኖስ ጥሩ መሣሪያ ቢሆንም ባትሪው ሃይድሮጅን በሚያወጣበት ክፍል ውስጥ ማብራት እብደት ነው። የተመረዘ ሰው ቢነቃም ለቀናት መሪ አይያዝ፣ ቫልቭም አይንካ።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ወደ ላይ መውጣት ግድ ነው፤ ጠላት በላይ እያለ ደግሞ አይቻልም። ሰኔ 12 የወጣችው አርኪሜዴ ሠራተኞች ሞተውባት ወደ አሰብ ለመግባት ተገደደች። ፔርላም በዚያው ጋዝ ተመርዛ ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ላይ ወጣች። ሰኔ 20 ድስትሮየር ኪንግስተን አግኝታ ደበደበቻት፤ ያዳናት የጣሊያን አውሮፕላኖች መድረሳቸው ነው።

ጥያቄ፦ ጋዝ ባያፈስ ኖሮ ውኃ ውስጥ ስንት ሰዓት መቆየት ይችሉ ነበር? *(ሰ.፣ ሃይፋ)*

መልስ፦ በምሳሌ እናስላው። 55 ሰው አለ፣ ውስጡ 600 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል እንበል። ያረፈ ሰው በሰዓት 20 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፣ 25 ሊትር ያህል ኦክስጅን ይወስዳል። የሁሉም ሲደመር በሰዓት 1.1 ሜትር ኩብ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ማለትም በየሰዓቱ 0.18 በመቶ ይጨምራል። ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ 1 በመቶ፣ በ16 ሰዓት ገደማ 3 በመቶ ይደርሳል። 3 በመቶ ላይ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ራስ ይወቅራል፣ ሐሳብ ይበተናል። ኦክስጅኑ ከ21 ወደ 17 በመቶ ለመውረድ 17 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅበት፣ ሰው አስቀድሞ የሚሰቃየው በሚያስወጣው ጋዝ ነው። ጋዙን የሚመጥ «ሶዳ ላይም» የተባለ ኬሚካል በየክፍሉ ሲበተን ጊዜው ይረዝማል። ከባድ ዕቃ የሚሸከም፣ ፓምፕ የሚያሽከረክር ሰው ግን ካረፈ ሰው ብዙ እጥፍ ስለሚተነፍስ በጥቃት ጊዜ የሚሰጠው ትእዛዝ «ተኙ፣ አትናገሩ» ነው።

ባትሪው ሌላ ጣጣ ነው። ሲሞላ የሚያወጣው ሃይድሮጅን 4 በመቶ ከደረሰ በብልጭታ ይፈነዳል። የባሕር ውኃ ከገባበት ደግሞ ክሎሪን ያወጣል።

ጥያቄ፦ አንዲት ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ሰርጓጅ መርከብ ማረከች የሚባለው እውነት ነው? *(ዳ. ወ.፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)*

መልስ፦ እውነት ነው፤ የማረከችው ሙንስቶን ግን ለጦርነት የታጠቀች ትሮውለር (መረብ ጎታች ዓሣ አጥማጅ መርከብ) እንጂ ተራ ጀልባ አልነበረችም። አንድ ባለ 4 ኢንች መድፍ፣ ቀላል መትረየሶች፣ የጥልቀት ቦምብና ውኃ ውስጥ የሚያዳምጥ አስዲክ ነበራት።

ጋሊሌይ ሰኔ 9 ጄምስ ስቶቭ የተባለችውን የኖርዌይ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ኤደን አቅራቢያ አሰጠመች። ከሁለት ቀን በኋላ ድራቫ የተባለችውን የዩጎዝላቪያ መርከብ በመድፍ አስቁማ ፈትሻ ለቀቀች። በዚህ ሁሉ ያለችበት ቦታ ታወቀ። እንዲህ ራሱን የገለጠ መርከብ በዚያው ሌሊት ሩቅ መሄድ ነበረበት፤ እሷ ግን እዚያው ቆየች።

ሰኔ 12 ሙንስቶን በአስዲክ አግኝታ የጥልቀት ቦምብ ጣለችባት። የጋሊሌይ አዛዥ ኮራዶ ናርዲ ትንሽ መርከብ ብቻ መሆኗን ሲያይ ወደ ላይ ወጥቶ በመድፍ ሊጨርሳት ወሰነ። በወረቀት ላይ ትክክል ይመስላል፤ ጋሊሌይ ሁለት ባለ 100 ሚሊ ሜትር መድፍ ነበራት። ሰርጓጅ መርከብ ግን በላይ ሆኖ ሲዋጋ ተኳሾቹ ከለላ በሌለው ጠባብ ወለል ላይ ይቆማሉ፣ ጥይት በእጅ ከውስጥ ይቀበላሉ፣ ማነጣጠሪያቸውም ለውኃው ቅርብ ነው። ሙንስቶን ተጠግታ ወለሉን በመትረየስ ጠረገችው፤ መድፏ ደግሞ ማማውን መታ። ናርዲና ሌሎቹ መኮንኖች ከጥቂቶች በቀር ሞቱ። አንድ ጥይት የውኃውን ግፊት የሚቋቋመውን ቀፎ ከበሳ ሰርጓጅ መርከብ መጥለቅ አይችልም፤ ትሮውለር ግን ተበስታም ትንሳፈፋለች። ድስትሮየር ካንዳሃር ደርሳ ጋሊሌይን እየጎተተች ኤደን አስገባቻት።

ከመርከቧ ይልቅ የከበደው ጥፋት ወረቀቱ ነው። የኮድ መጽሐፍና የሥራ ትእዛዝ በእርሳስ በከበደ ከረጢት ታስሮ፣ መድፍ ከመተኮሱ በፊት ማማው ሥር መቀመጥ፣ የሚጥለውም ሰው በስም መታወቅ አለበት። መኮንኖቹ በአንድ ጊዜ ሲወድቁ ይህ ሳይሆን ቀረ። እንግሊዞች ጋልቫኒን ኦማን ባሕረ ሰላጤ ውስጥ እንዲጠብቋት የመራቸው እዚያ የተገኘው ሰነድ ነው፤ ፋልማውዝ የተባለች አጃቢ መርከብ ሰኔ 17 አሰጠመቻት።

ቶሪቼሊ በተቃራኒው ያላትን ሁሉ ተዋግታ ነው የጠፋችው። አዛዟ ሳልቫቶሬ ፔሎሲ በአንድ መድፍና በቶርፔዶዎቹ ካንዳሃርን፣ ኪንግስተንን፣ ካርቱምንና አጃቢዋን ሾርሃምን ገጠመ፤ መጨረሻ ላይ መርከቧን ራሱ አሰጠማት። ካርቱም ከውጊያው በኋላ በዚያው ቀን ተቃጥላ ጠፋች። እንግሊዞች ምክንያቱ የገዛ ቶርፔዶዋ የታመቀ አየር ጋን መፈንዳት ነው ሲሉ፣ ጣሊያኖች የቶሪቼሊ ጥይት ነው ይላሉ። እኛ የእንግሊዞቹ ያሳምነናል፤ የታመቀ አየር ጋን በሙቀት ሲፈነዳ የሚያደርሰው ጉዳት ከአንድ ባለ 100 ሚሊ ሜትር ጥይት ይበልጣል።

ጥያቄ፦ «ማካሌ» የኛዋ መቀሌ ናት? *(ሕ.፣ መቀሌ)*

መልስ፦ አዎ። አዱዋ በተባለው የሰርጓጅ መርከብ ንድፍ የተሠሩት 17ቱም መርከቦች ስማቸው ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከሶማሊያ ቦታዎች የተወሰደ ነበር፦ አዱዋ፣ አክሱም፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ተምቤን፣ አላጌ፣ አሸንጌ፣ ነገሌ፣ ሽሬ፣ ዋቢ ሸበሌና ሌሎችም። ቀይ ባሕር ላይ የነበረችው ማካሌ ብቻ ናት። በሜዲትራንያን አክሱም ነሐሴ 6 ቀን 1934 በአንድ ጊዜ በተኮሰቻቸው ቶርፔዶዎች ካይሮና ናይጄሪያ የተባሉትን የእንግሊዝ ክሩዘሮች (ትላልቅ የጦር መርከቦች) እና ኦሃዮ የተባለችውን ነዳጅ ጫኝ መታለች። ከ17ቱ ጦርነቱን የተረፈችው አላጌ ብቻ ናት።

ጥያቄ፦ የቀሩት አራቱስ ምን ሆኑ? *(ተ. ገ.፣ አዲስ አበባ)*

መልስ፦ ምጽዋ መጋቢት 30 ቀን 1933 ከመውደቋ በፊት አመለጡ። ፔርላ የካቲት 22፣ አርኪሜዴና ፌራሪስ የካቲት 24፣ ጉሊየልሞቲ የካቲት 25 ወጥተው፣ በኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ ዞረው በጀርመን ወደተያዘችው ፈረንሳይ፣ ወደ ቦርዶ አመሩ። ነዳጃቸው ብቻውን ስለማይበቃ በመንገድ ላይ ከጀርመን መርከቦች ተቀበሉ፤ ፔርላ ከአትላንቲስ፣ ሌሎቹ ከኖርድማርክ።

ሰርጓጅ መርከብ ናፍጣ ሲያቃጥል ባዶው ቦታ ከታች በሚገባ የባሕር ውኃ ይሞላል። ናፍጣ ከውኃ ስለሚቀል 100 ሜትር ኩብ ሲቃጠል መርከቡ 17 ቶን ያህል ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ባሕሩ ራሱም ይለወጣል። ከጨዋማው ቀይ ባሕር ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ሲወጣ፣ 1,250 ቶን ለሚመዝን መርከብ የጨው ልዩነቱ ብቻ ሁለት ቶን ተኩል ያህል ውኃ ማስወጣት ይጠይቃል። ይህን በየቀኑ አስልቶ ከሚዛን ታንኩ ያልቀነሰ መርከብ፣ አውሮፕላን አይቶ በድንገት ሲጠልቅ ካሰበው ጥልቀት አልፎ ይወርዳል።

ሦስቱ በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት መባቻ፣ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ በገቡባት ሳምንት ቦርዶ ደረሱ። ከአራቱ ትንሿ ፔርላ ግንቦት 12 ገባች።