ባጃጇ ተመልሳ ስትመጣ አማካይ ቬሎሲቲዋ ለምን 2 ሳይሆን 1.6 ሆነ?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ይህ ነው፦ አንዲት ባጃጅ ከድሬዳዋ ለገሃር ተነስታ ወደ ምሥራቅ፣ በመጋላ አቅጣጫ፣ 1200 ሜትር በ10 ሜትር በሰከንድ ሄደች። ሰው ለማውረድ 60 ሰከንድ ቆመች። ከዚያ በመጣችበት መንገድ 720 ሜትር በ6 ሜትር በሰከንድ ተመለሰች። አንቺ ከ10 ላይ 6 ቀንሰሽ ለ2 አካፍለሽ 2 አገኘሽ፤ የመልስ ወረቀቱ ግን 1.6 ይላል። ወረቀቱ ልክ ነው።

አማካይ ቬሎሲቲ ጠቅላላ ዲስፕሌስመንት (ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለው ቀጥታ ርቀት ከነአቅጣጫው) ለጠቅላላ ጊዜ ሲካፈል የሚገኝ ነው። ስለዚህ ቬሎሲቲዎቹን ከመነካካትሽ በፊት የእያንዳንዱን ክፍል ጊዜ አውጪ። መሄጃው 1200 ÷ 10 = 120 ሰከንድ፣ መቆሚያው 60፣ መመለሻው 720 ÷ 6 = 120፤ ድምሩ 300 ሰከንድ። ምሥራቅን ፖዘቲቭ ካልሽ መመለሻው ኔጌቲቭ ነው፤ 1200 − 720 = 480 ሜትር። 480 ÷ 300 = 1.6 ሜትር በሰከንድ፣ ወደ ምሥራቅ። አቅጣጫውን ካልጻፍሽ መልሱ ጎዶሎ ነው።

የአንቺ 2 ከየት መጣ? ይህን በደንብ ልብ በዪው፣ ምክንያቱም ስህተቱ ለእውነት በጣም የቀረበ ነው። መሄጃውና መመለሻው እኩል 120 ሰከንድ ስለፈጁ ብቻ 10 እና −6ን ደምሮ ለ2 ማካፈል ሠርቶልሻል፤ ያመለጠሽ መቆሚያው ነው። 480ን ለ240 ብታካፍዪም ያው 2 ይመጣል። ባጃጇ ስትቆም ቬሎሲቲዋ ዜሮ ነው፣ ሰዓቱ ግን አይቆምም። ሙሉ ስሌቱ እንዲህ ነው፦ (10 × 120 + 0 × 60 − 6 × 120) ÷ 300። እያንዳንዱ ቬሎሲቲ የሚመዘነው በቆየበት ጊዜ ነው፤ በሄደበት ርቀት አይደለም።

ጊዜዎቹ እኩል ካልሆኑ ያ አቋራጭ ወዲያው ይከዳሻል። ሚኒባስ ከድሬ በደንገጎ ዳገት፣ በሐረማያና በአወዳይ በኩል ሐረር ድረስ በአማካይ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወጥቶ በዚያው መንገድ በ60 ቢመለስ፣ አማካይ ስፒዱ (የተጓዘው ርቀት ሁሉ፣ አቅጣጫው ሳይታይ፣ ለጠቅላላ ጊዜ ሲካፈል) 50 የሚመስለው ብዙ ነው። ትክክለኛው 48 ነው፤ በዝግታ የተሄደው ዳገት ረዘም ያለ ጊዜ ስለወሰደ። መንገዱ 10 ኪሎ ሜትርም ሆነ 55፣ ያው 48 ነው። አማካይ ቬሎሲቲው ግን ዜሮ ነው፤ የተነሳበት ቦታ ተመልሷልና።

መታጠፊያ ሲኖር መደመርና መቀነስ ብቻውን አይበቃም። የድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር መንገዶች ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ለምሳሌ ይመቻሉ፦ 600 ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ ከዚያ 800 ሜትር ወደ ሰሜን፣ በ200 ሰከንድ። ዲስፕሌስመንቱ 1400 አይደለም፤ በፓይታጎረስ 1000 ሜትር ነው። አማካይ ቬሎሲቲው 5 ሜትር በሰከንድ፣ ከምሥራቅ ወደ ሰሜን 53 ዲግሪ ገደማ። 1400 ÷ 200 = 7 የሚሰጥሽ ስፒዱን ነው።

የመነሻና የመድረሻ ቬሎሲቲን ደምሮ ለ2 ማካፈል የሚፈቀደው አክስለሬሽኑ (ቬሎሲቲው በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን) ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ሲሆን ነው። ባጃጅ ከቆመችበት በ5 ሰከንድ 10 ሜትር በሰከንድ ብትደርስ፣ ለ10 ሰከንድ በዚያው ብትሄድ፣ በ4 ሰከንድ ፍሬን ይዛ ብትቆም፣ መነሻውም መድረሻውም ዜሮ ስለሆነ ቀመሩ ዜሮ ይልሻል፤ ባጃጇ ግን ሄዳለች። ለየክፍሉ ለብቻው ተጠቀሚበት፦ 25 + 100 + 20 = 145 ሜትር፣ በ19 ሰከንድ፣ 7.6 ገደማ። በቬሎሲቲና ጊዜ ግራፍ ከሆነ ዲስፕሌስመንቱን ለማግኘት ከመስመሩ ሥር ያለውን ስፋት አስዪ፤ ከዜሮ በታች የወረደው ይቀነሳል።

ዩኒትም ተጠንቀቂ፤ 36 ኪሎ ሜትር በሰዓት 10 ሜትር በሰከንድ ነው (ለ3.6 ማካፈል)፣ አንድ ሰዓት ተኩል ደግሞ 1.5 እንጂ 1.30 አይደለም።

ስትጨርሺ አማካይ ስፒዱንም አስዪው። በአንቺ ጥያቄ 1920 ÷ 300 = 6.4 ነው። የቬሎሲቲው መጠን ከስፒዱ በልጦ ከተገኘ ምልክት ወይም ጊዜ ተሳስተሻል ማለት ነው፤ ወደ መጀመሪያው መስመር ተመለሺ።