የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ በጀርባ ለሚሸከሙት ስንቅ የትኛው ደረቅ ምግብ ይሻላል?

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው አራት ደብዳቤዎች ድንኳናቸውንና ምግባቸውን ራሳቸው ተሸክመው በእግር ከሚጓዙ አንባቢያን የደረሱን ናቸው። ለቦታ ቁጠባ ሲባል ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ አምስት ጓደኛሞች ነን። ከዲንሾ ተነሥተን በወይብ ሸለቆ በኩል እስከ ሳነቴ አምባ በአምስት ቀን ለመጓዝ አቅደናል፤ የጭነት ፈረስ ግን አንከራይም። ከመካከላችን አንዱ ከውጭ አገር የሚመጣውን፣ የፈላ ውሃ ብቻ የሚጨመርበትን የታሸገ ምግብ እናስመጣ ይላል። ዋጋው ግን ከበደን። በእርግጥ ከአገራችን ደረቅ ምግብ የሚበልጥበት ነገር አለ? (ከአዳማ)

መልስ፦ የታሸገው ምግብ በሁለት ነገር ይመሰገናል። አንደኛ፣ ውሃው ወጥቶለታል። ሁለተኛ፣ ከመድረቁ በፊት ፋብሪካ ውስጥ በስሏል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ያያል፤ በባሌ ተራሮች ግን ይበልጥ የሚያስፈልጋችሁ ሁለተኛው ነው።

ምክንያቱ ከፍታው ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ የሚፈላው በአነስተኛ ሙቀት ነው፤ በየ300 ሜትሩ ወደ አንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል ብሎ ማስላት ይቻላል። በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በሳነቴ አምባ ላይ ደግሞ በ87 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እሳቱን ቢያባብሱትም ክዳን በሌለው ድስት ውስጥ ያለው ውሃ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ ጥሬ ምስር፣ የአተር ክክና ሩዝ ይዞ ወደዚያ መውጣት ማለት ነዳጅ እያቃጠሉ ልቡ ያልበሰለ ምግብ መጠበቅ ማለት ነው። በሱቅ ሚዛን ላይ ቀላል መስሎ የታየው ክክ፣ ለማብሰያው የሚያስፈልገው ነዳጅ ሲጨመርበት ከባድ ሆኖ ይገኛል።

እንግዲህ ስንቃችሁን የምትመርጡበት ጥያቄ «ደረቅ ነው ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ እሳት አይቷል ወይ?» የሚለው ይሁን። በዚህ ሚዛን ስናየው የአገራችን ስንቅ ከታሸገው የሚያንስ አይደለም። በሶ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ስለሆነ ምንም እሳት አይፈልግም። ቆሎና ዳቦ ቆሎም እንደዚሁ ናቸው። ድርቆሽ የተጋገረ እንጀራ ነው። ምጥን ሽሮም የተቆላ እህል ደቅቆ የተፈጨ በመሆኑ ከክክ ጋር ሲነጻጸር በጣም ፈጥኖ ይደርሳል። በየሱቁ የሚገኘውና ብዙዎቻችን ኢንዶሚ የምንለው ኖድልስም በእንፋሎት በስሎና በዘይት ተጠብሶ የሚታሸግ ስለሆነ ለአንድ ምሽት ቢያዝ አያሳፍርም፤ በየቀኑ ግን አልመክርም፤ ጨው ይበዛዋል፣ ፕሮቲኑም ትንሽ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የጉልበት ጉዳይ ነው። አንድ ግራም ስብ ዘጠኝ ያህል ኪሎ ካሎሪ ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት የሚሰጠው አራት ያህል ነው። በዚህ ስሌት ለእናንተ ጉዞ ከሁሉ የሚስማማው ምግብ የሚገኘው እዚያው በምትሄዱበት አካባቢ ነው፤ በአርሲና በባሌ የታወቀው ጭኮ። ሁለት እጅ በሶ በአንድ እጅ ንጥር ቅቤ ቢለወስ 100 ግራሙ ከ500 ኪሎ ካሎሪ በላይ ይሰጣል፤ ይህም ከብዙዎቹ የታሸጉ ምግቦች ይበልጣል። ድስትም ሆነ ነዳጅ አይጠይቅም፤ በቁር ጊዜ ቢጠጥርም እጅ ላይ ይለሰልሳል። ጭኮ ለቁርስ ይሁን፤ ሰውነት ሙቀት ፈልጎ በሚነሣበት በብርዳሙ ማለዳ ከትኩስ ሻይ ጋር በቂ ነው። ከመነሣታችሁ በፊት ሮቤ ወይም ጎባ ላይ ጠይቃችሁ ብታዘጋጁ ከአዳማ ከመሸከም ትድናላችሁ።

ለእራት ድርቆሽን አስቀድሙ። ከእንጀራ ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውሃ ስለሆነ በደንብ ሲደርቅ በጣም ይቀልላል። ጉድለቱ ክብደት ሳይሆን ቦታ መያዙ ነው፤ ሰፋ ሰፋ ብሎ የተቆራረጠ ድርቆሽ ግማሽ ቦርሳ ይሞላል፣ መንገድ ላይም ይደቅቃል። ስለዚህ ቤት ውስጥ በጥፍር ልክ ሰባብራችሁ በየእራቱ ልክ በላስቲክ አየሩን አስወጥታችሁ እሰሩት። ለማባያው የደረቀ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ በርበሬና ጨው አንድ ላይ ቀላቅላችሁ ያዙ፤ ዘይቱን ግን በደንብ በሚዘጋ ትንሽ ጠርሙስ ለብቻው አድርጉት። ማባያውን በውሃ አፍልታችሁ ዘይት ጨምሩበት፣ ድርቆሹ ላይ አፍስሱት፣ ድስቱን ከድናችሁ በጋቢ ወይም በሹራብ ጠቅልላችሁ ጥቂት ደቂቃ ተዉት። ቋንጣ የምትጨምሩ ከሆነ ቤት ውስጥ በሙቀጫ ውቀጡት፤ ሳይወቀጥ የገባ ቋንጣ በዚያ ከፍታ ቶሎ አይለሰልስም።

መጠኑን በተመለከተ ለአንድ ሰው በቀን 700 ግራም ገደማ ደረቅ ምግብ ብታስቡ፣ ጥቂት ቅባት እስካለበት ድረስ 3,000 ያህል ኪሎ ካሎሪ ታገኛላችሁ፤ ለአምስት ቀን ሦስት ኪሎ ተኩል ይሆናል። አብሯችሁ የሚሄደውን አስጎብኚ ከቁጥሩ አታውጡ። የራሱን ስንቅ ቢይዝም እንኳ በአንድ እሳት ዙሪያ ተለይቶ የሚበላ ሰው የለም።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በሶ እሳት አይፈልግም ማለት የሚበጠበጥበት ውሃ ንጹሕ መሆን አይፈልግም ማለት አይደለም። ከብት ከሚውልበት ወንዝ የተቀዳ ውሃ በዚያ ከፍታ ከፈላ በኋላ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ መንተክተክ አለበት። ማታ አፍልታችሁ በኮዳ ብታሳድሩት ለማግስቱ በሶ ይደርሳል፤ የነዳጁን ሂሳብም በዚሁ ልክ አስቡ። እንጨት ለቅመን እናነዳለን ብላችሁ አትነሡ፤ የአምባው ቁጥቋጦ ቀስ ብሎ የሚያድግ በመሆኑ የላምባ ምድጃ መያዝ ይሻላል። የምግብ ትርፍም ሜዳ ላይ አይጣል። ትርፍራፊ ውሾችን ይስባል፤ ውሾች ደግሞ በባሌ ቀይ ቀበሮዎችን ደጋግሞ የጨረሰውን የእብድ ውሻ በሽታ ያመጣሉ።

የታሸገውን ምግብ በተመለከተ፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ለመጨረሻው ምሽት ወይም ዝናብ ውሃ ከማፍላት ያለፈ ለማያሠራበት ቀን አንድ አንድ ፓኬት ብትይዙ መልካም ነው። ለአምስቱም ቀን መግዛት ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ባለፈው ዓመት በሼናንዶአ ብሔራዊ ፓርክ ለሁለት ቀን ስንጓዝ «ለሁለት ሰው» የሚል የታሸገ ደረቅ ምግብ ገዝተን ከባለቤቴ ጋር ተካፈልን፤ ተርበን አደርን። የደም ግፊትም አለብኝ። መለያው ላይ ምን ልይ? የራሴን ቋንጣና ሽሮ መያዝስ ይፈቀዳል? (ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን የሰው ቁጥር ይተዉትና በጠቅላላው ፓኬት ውስጥ ያለውን ኪሎ ካሎሪ ይመልከቱ። ቀኑን ሙሉ ሸክም ይዞ የዋለ ጎልማሳ ለእራቱ ከ600 እስከ 800 ኪሎ ካሎሪ ቢያገኝ ነው የሚጠግበው፤ «ለሁለት ሰው» የተባለው ፓኬት ብዙ ጊዜ በአጠቃላይ የሚይዘው ይህንኑ ያህል ነው። ከዚያም ጠቅላላውን ኪሎ ካሎሪ ለክብደቱ ያካፍሉ። በ100 ግራም ከ400 በታች የሚሰጥ ከሆነ የሚሸከሙት ብዙ፣ የሚያገኙት ትንሽ ነው። ትንሽ ጠርሙስ የወይራ ዘይት ይዘው በየፓኬቱ አንድ ማንኪያ ቢጨምሩ ጉድለቱን ከሌላ ፓኬት በረከሰ ዋጋ ይሞሉታል።

የጨው ነገር ከዚህ የበለጠ ያሳስበኛል። በአሜሪካ ለጎልማሶች የሚመከረው የሶዲየም ጣሪያ በቀን 2,300 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በአንድ ፓኬት ውስጥ ከ1,000 በላይ ማግኘት የተለመደ ነው። ለደም ግፊትዎ የተወሰነልዎትን መጠን ከሐኪምዎ ይጠይቁ፤ ቀላሉ መፍትሔ ግን ጨው ያልገባበት ምጥን ሽሮ ማዘጋጀትና ጨውን ለብቻ መያዝ ነው። ቋንጣ በጨው የሚዘጋጅ ስለሆነ እርስዎ ቢቀንሱት ይሻላል።

መለያው ላይ ስለ አደራረቁም ይጽፋል። አንዳንዱ ምግብ ከቀዘቀዘ በኋላ አየር በወጣለት ክፍል ውስጥ በረዶው ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ተን እየተለወጠ የደረቀ ነው፤ ቅርጹን ስለማያጣ ውሃ ሲነካው ወዲያው ይመለሳል፤ ዋጋውም ውድ ነው። ሌላው በሞቃት አየር የደረቀ ሲሆን ስለሚኮማተር ረዘም ያለ ጊዜ መጠበቅን ይጠይቃል። ረጋ ብሎ ምግብ ለሚጠብቅ ሰው ሁለተኛው በቂ ነው። ከፍታው ለእርስዎ ችግር አይሆንም፤ የሼናንዶአ ከፍተኛ ጫፍ ሆክስቢል 1,235 ሜትር ሲሆን ከአዲስ አበባ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ፓኬቱን ሲከፍቱ ግን ኦክስጅን የምትመጠውን ትንሽ ከረጢት ማውጣትዎን አይርሱ። ወጥ ውስጥ ገብታ የተገኘችበት ሰው ጥቂት አይደለም።

የራስዎን ምግብ መያዝ አይከለከልም፤ የሚጠበቅብዎት ከድብ ማራቅ ነው። በሼናንዶአ ሲያድሩ ምግብን ከመሬት ቢያንስ 10 ጫማ ከፍ፣ ከዛፉ ግንድ ደግሞ 4 ጫማ ራቅ አድርጎ መስቀል፣ ለዚሁ በተተከለ ምሰሶ መጠቀም፣ ወይም ድብ የማይከፍተውን ጠንካራ ዕቃ መያዝ ግዴታ ነው። በርበሬ የነካው ቋንጣም ሆነ ንጥር ቅቤ ሽታው ሩቅ ይሄዳል፤ የጥርስ ሳሙና እንኳ ከድንኳን ውጭ ከምግቡ ጋር ማደር አለበት። በድርቆሽ ፈንታ ኩስኩስ መጠቀም ቢፈልጉ ቀድሞ በእንፋሎት የበሰለ ስለሆነ የፈላ ውሃ አፍስሰው ቢከድኑት ብቻ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ጉዟችን በዐቢይ ጾም ውስጥ ነው የሚውለው። ጭኮና ቋንጣ ከቀሩ ጉልበት ከየት ይመጣል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ከቅባት እህሎች። ኦቾሎኒ በ100 ግራም 570 ገደማ ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፤ ሰሊጥና ሱፍም ከእርሱ አይርቁም። የሽምብራ ቆሎ ከኦቾሎኒ ጋር ቢቀላቀል የቀን ስንቅ ይሆናል፤ በሶውን ደግሞ በዘይትና በስኳር ጨብጦ መያዝ የጭኮን ቦታ ይሸፍናል። ተልባ ከበሶ ጋር ይስማማል፤ ነገር ግን ከተፈጨ በኋላ ቅባቱ ቶሎ ስለሚበላሽ መቁላትና መፍጨቱን ለጉዞው ዋዜማ ያቆዩት። ሰዓት ጠብቀው የሚበሉ ከሆነ የመንገዱን ርዝመት ያሳጥሩ፤ ሳይበሉ ውሎ በከፍታ ላይ ሸክም መያዝ ልምድ ላለው ሰውም ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ ወጥ ራሱን አድርቆ መያዝ ይቻላል? ሳይበላሽ ስንት ጊዜ ይቆያል? (ከመቐለ)

መልስ፦ ይቻላል፤ ለመጀመሪያው ጠያቂ «ይቅር» ያልነውን ምስር የምናስታርቀውም በዚህ መንገድ ነው። ቤት ውስጥ በደንብ የበሰለ ምስር ከደረቀ በኋላ ተራራ ላይ በፈላ ውሃ በጥቂት ደቂቃ ይመለሳል፤ ማብሰሉ አስቀድሞ አልቋልና። ወጡ ሲሠራ ዘይት አይግባበት፤ ዘይት አይደርቅም፣ ሲቆይም ሽታውና ጣዕሙ ይበላሻል። ወፍራም እስኪሆን ያብስሉት፣ በትሪ ላይ በስሱ ይዘርጉት፣ ምድጃ ካለዎት በ60 ዲግሪ አካባቢ፣ ከሌለዎት በጠራ የበጋ ፀሐይ በስስ ጨርቅ ሸፍነው ያድርቁት፤ ማታ ማታ ወደ ቤት ያስገቡት። በክረምት ግን በፀሐይ ማድረቅን አይሞክሩት፤ ከመድረቁ በፊት ይሻግታል። ሲነካ የሚሰበር እንጂ የሚታጠፍ መሆን የለበትም። ከዚያ ወቅጠው ቢያስቀምጡት ውሃ ቶሎ ይገባዋል።

ሥጋ ከሆነ ጥንቃቄው ይጠነክራል። ቀይ ሥጋ ይምረጡ፣ ጮማውን አስወግደው በደንብ ያብስሉት፣ ከዚያ ያድርቁት። እንደ ባህሉ በጥሬው የተሰቀለ ቋንጣ ከሆነ መንገድ ላይ ሲዘጋጅ በደንብ መፍላት አለበት፤ በለብታ ውሃ አርሶ መብላት አይገባም።

የሚቆይበትን ጊዜ የሚወስነው የቀረበት እርጥበት ነው። የደረቀውን ምግብ ሙሉ በሙሉ ካቀዘቀዙት በኋላ በመስታወት ብልቃጥ ዘግተው ለጥቂት ቀናት በየዕለቱ ይመልከቱት። በብልቃጡ ግድግዳ ላይ የጤዛ ምልክት ከታየ በቂ አልደረቀምና ወደ ትሪው ይመልሱት። የሻጋታ ነጥብ ካዩ ግን የተበላሸውን ብቻ ለይቶ ማውጣት አይበቃም፤ ሁሉንም ይጣሉት። ደርቆ የወጣውን ሥጋ የሌለበት ወጥ በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ ለጥቂት ወራት ማቆየት ይችላሉ፤ ሥጋ ያለበትን ግን ለጉዞው ቅርብ በሆነ ሳምንት ቢያዘጋጁትና እስከዚያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያቆዩት ይሻላል።